ኖታው ተቀምጧል፤ ድምፁ የት ሄደ?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከልኝ። ልጁ አሁን ኮምፒውተር ላይ ሙዚቃ ማቀናበር ጀምሯል። «ቲቸር፣ ኪቦርዱ ላይ ድምፅ እየቀያየርኩ የተጫወትኩትን ኮምፒውተሩ ይዞልኝ ነበር። በሌላ ቀን ስከፍተው ኖታው ያው ነው፤ ፍሉት የነበረው ድምፅ ግን ጊታር ሆኖ መጣ። ምን ነካው?» ይላል። እኔ እንደምታውቁኝ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ጥያቄው ግን ዞሮ ዞሮ የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ሰው የሠራውን ሲመዘግብ ምኑን ይመዘግባል? ምኑንስ ይተዋል? እኛ ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የምንለፋበት ጉዳይ እኮ ይሄው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ሙዚቃን ለማስቀመጥ ሁለት መንገድ አለ። ቴፕ ድምፁን ራሱን ያስቀምጣል። ሲኩዌንሰር የሚባለው መሣሪያ ወይም ሶፍትዌር ግን የሚያስቀምጠው ትእዛዝ ነው፤ «ይሄን ቁልፍ በዚህ ሰዓት ንካ፣ በዚህ ሰዓት ልቀቅ» የሚል። በቤታችን ቋንቋ ቴፕ ወጡን ያስቀምጣል፣ ሲኩዌንሰር የወጡን አሠራር ያስቀምጣል። አሠራሩን መያዝ ትልቅ ጥቅም አለው። ጨው በዛ ካላችሁ ቀንሳችሁ እንደገና ትሠሩታላችሁ፤ ከተሠራ ወጥ ላይ ግን ጨው አይወጣም። ችግሩ የሚመጣው አሠራሩ ላይ «በርበሬ ጨምር» ተብሎ የማን ቤት በርበሬ እንደሆነ ሳይጻፍ ሲቀር ነው። ሌላ ቤት ሲሠራ ሌላ ወጥ ይወጣል።

ይህ ጭንቀት ከኮምፒውተር በፊትም ነበረ። የእኛ የዜማ ሊቃውንት ከፊደሉ በላይ የሚያስቀምጧቸውን ምልክቶች አስቡ፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ እያሉ የሚጠሯቸውን። ትውፊቱ ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣቸዋል፤ በጽሑፍ ያደራጇቸው ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል። ቃሉን ብቻ መጻፍ እንደማይበቃ ገብቷቸዋል። ድምፁ መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚቆረጥ ካልተጻፈ ዜማው ለሚቀጥለው ትውልድ አይደርስም።

ማሽን ይህን ጥያቄ በደንብ የተጋፈጠው በፒያኖ ነው። በተበሳ ወረቀት ራሱን የሚጫወት ፒያኖ ነበር። ቀዳዳው የትኛው ቁልፍ መቼ እንደሚነካ ይናገራል። ተራው ወረቀት ግን ፒያኒስቱ ጠንከር አድርጎ ይንካው ቀስ ብሎ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1904 የጀርመኑ ቬልቴ ኩባንያ ቬልቴ ሚኞን የተባለውን ይዞ መጣ። ይሄኛው የአነካኩን ጉልበትና የፔዳሉን እርግጫ ጭምር በወረቀት ይዞ መልሶ ያጫውት ነበር። የሙዚቃ ደራሲው ጉስታቭ ማህለር በ1905 ተጫውቶለታል፤ በ1911 ሞተ። ዛሬ ማህለር በገዛ እጁ ፒያኖ ሲጫወት መስማት የሚፈልግ ሰው ያለው ነገር ያ የተበሳ ወረቀት ነው። ተራው ወረቀት ላይ ብቻ ተጫውቶ ቢሆን ኖሮ ኖታዎቹን እናገኝ ነበር፤ እጁን ግን አናገኘውም።

ፒያኖ ቢሆንም ቀላል ነው፤ ድምፁ ምንጊዜም የፒያኖ ድምፅ ነው። ሲንተሳይዘር ሲመጣ ነገሩ ተወሳሰበ። እዚህ ጋ ቁልፉ ያው ሆኖ ድምፁ ራሱ ይለዋወጣል። አንዷን ማዞሪያ ስታዞሯት ድፍን የነበረው ድምፅ ይፈካል፤ ሌላዋን ስትነኩ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላዋ ቀስ ብሎ እንዲነሳ ታደርገዋለች። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ዝነኛው ሚኒሙግ ምንም ማስታወሻ አልነበረውም። ሙዚቀኛው ጥሩ ድምፅ ሲያገኝ የማዞሪያዎቹ ሥዕል ያለበት ወረቀት ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፤ በነጋታው ወረቀቱን እያየ አንድ በአንድ ይመልሳቸዋል። መድረክ ላይ ደግሞ በሁለት ዘፈን መሀል፣ ሕዝቡ እያጨበጨበ፣ በችኮላ።

ለውጡ የመጣው በ1978 ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲኩዌንሻል ሰርኪትስ የተባለውን ድርጅት ያቋቋመው ዴቭ ስሚዝ ፕሮፌት 5 የተባለውን ሲንተሳይዘር አወጣ። በውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር ስለነበረው 40 ድምፆችን ማስታወስ ይችል ነበር። ቁልፍ ስትጫኑ ማዞሪያዎቹ ሁሉ የተቀመጡበት ቦታ ባንዴ ይመለሳል። ይሄ ለሥራ ማቅለያ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ታሪካዊ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ድምፅ ቁጥር አገኘ። ቁጥር ያለው ነገር ደግሞ በትእዛዝ ሊጠራ ይችላል። ትእዛዝ ከሆነ ሊመዘገብ ይችላል።

የቀረው ማሽኖቹ የሚግባቡበት ቋንቋ ነበር። ያኔ የአንዱ ፋብሪካ ኪቦርድ ከሌላው ጋር አይነጋገርም። የጃፓኑ ሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ እና ዴቭ ስሚዝ ከሌሎች ፋብሪካዎች ጋር ሆነው ከ1981 ጀምሮ ገፉበት። በጥር 1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረገው የሙዚቃ መሣሪያ ትርኢት ላይ የሲኩዌንሻል ፕሮፌት 600 እና የሮላንድ ጁፒተር 6 በአንድ ገመድ ተያያዙ። አንዱን ሲጫወቱት ሌላው ጮኸ። ሚዲ የምንለው ይሄ ነው። ተፎካካሪ የነበሩት ፋብሪካዎች ቋንቋውን ያለ ክፍያ ለሁሉም ክፍት አደረጉት፤ ለዚህ ነው ዛሬም ድረስ የሚሠራው። ሁለቱ ሰዎች በ2013 የቴክኒክ ግራሚ ተሸልመዋል።

ሚዲ የድምፅ ለውጥን የሚመዘግብባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። ሦስቱን የለየ ሰው የልጁን ጥያቄ ግማሽ መለሰ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ፕሮግራም ቼንጅ ይባላል። «ወደ 12 ቁጥር ድምፅ ሂድ» የሚል አጭር ትእዛዝ ነው፤ ከ128 ቁጥሮች አንዱ። እናንተ እየተጫወታችሁ ድምፁን ስትቀይሩ ሲኩዌንሰሩ ይቺን ቁጥር ከነሰዓቷ ይይዛል። መልሶ ሲያጫውት እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ቁጥሯን ይልካል። ልብ በሉ፤ የተመዘገበው ቁጥሩ እንጂ ድምፁ አይደለም። የክፍል ስም መጥሪያ ላይ 12 ቁጥር ብዬ ብጠራ 9ኛ ሀ ውስጥ አንዱ «አቤት» ይላል፣ 9ኛ ለ ውስጥ ሌላው። ቁጥሩ ያው ነው፤ የሚነሳው ልጅ ግን ሌላ ነው። ፋይሉን ሌላ ኪቦርድ ላይ ካጫወታችሁት፣ ወይም በዚያው ኪቦርድ ላይ 12 ቁጥር ቦታ ሌላ ድምፅ አስቀምጣችሁበት ከሆነ፣ ፍሉቱ ጊታር ሆኖ ይነሳል። አንዳንዱ ፋብሪካ ከዜሮ፣ አንዳንዱ ከአንድ መቁጠሩ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ይደናገራል።

ሁለተኛው ኮንትሮል ቼንጅ ነው። ይሄ ድምፁን በአንድ ጊዜ አይለውጥም፤ እየሄደ ይለውጠዋል። ለእያንዳንዱ ጉዳይ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ 1 ሞዱሌሽን፣ 7 ቮልዩም፣ 10 ግራና ቀኝ፣ 64 ፔዳል። ከዚያ መጠኑ ይከተላል፣ ከ0 እስከ 127። ሞዱሌሽኑን ቀስ እያደረጋችሁ ስትገፉት ሲኩዌንሰሩ የሚያየው 12፣ 15፣ 19፣ 24 እያለ የሚወጣ የቁጥር ሰልፍ ነው። እጃችሁ ያመነታችበት ቦታ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ለጆሮ ግን 128 ደረጃ አንዳንዴ አይበቃም፤ የፊልተር ማዞሪያ በዝግታ ሲዞር ድምፁ እንደ ደረጃ ሲንቋቋ ይሰማል። ኖታውን ለሚያጎብጠው ፒች ቤንድ ግን ከመጀመሪያው 16,384 ደረጃ ነው የተሰጠው፤ ጆሮ በድምፅ ከፍታ ላይ ቀልድ አያውቅምና።

ሦስተኛው ሲስተም ኤክስክሉሲቭ ይባላል፤ የየፋብሪካው የግል ቋንቋ ነው። መልእክቱ በ240 ይጀምራል፣ የፋብሪካው ቁጥር ይከተላል፣ ሮላንድ 65፣ ያማሃ 67፣ በ247 ያልቃል። የማይመለከታቸው ማሽኖች ሰምተው ዝም ይላሉ። በዚህ መንገድ የድምፁን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ድምፁን የሠሩትን ቅንብሮች በሙሉ መላክና መመዝገብ ይቻላል። ቅድም ያልነው የበርበሬው አሠራር ራሱ ማለት ነው። ታዲያ ሁሉም ለምን በዚህ አይሠራም? ገመዱ ቀጭን ስለነበረ ነው። ሚዲ በሰከንድ 31,250 ቢት ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። አንዲት ኖታ ለመላክ ወደ አንድ ሺኛ ሰከንድ ይበቃታል። በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ 7 ግን 32ቱን ድምፆቹን ባንዴ ሲልክ 4,104 ባይት ነው፤ ይሄ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ዘፈን መሀል ላይ አንድ ሰከንድ ሙሉ ገመዱ ከተያዘ ምቱ ተበላሸ። ስለዚህ አዋቂዎቹ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ባዶ ቦታ ትተው ድምፆቹን እዚያ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ፋይሉ ሲከፈት መጀመሪያ ኪቦርዱን ያስታጥቃል፣ ከዚያ ሙዚቃው ይጀምራል።

ይህን ሁሉ ከስቱዲዮ አውጥቶ ሰው ቤት ያስገባው ኮምፒውተር ነው። በ1985 የወጣው አታሪ ኤስቲ የሚዲ መሰኪያ አብሮት ተሠርቶ ነበር የመጣው። በጀርመን ሀምቡርግ ያለው ስታይንበርግ በ1986 ፕሮ 24ን፣ በ1989 ኩቤዝን ለዚያ ኮምፒውተር አወጣ። ሌላው የጀርመን ድርጅት ሲ ላብ በ1988 ኖቴተርን አመጣ፤ የዛሬው ሎጂክ የዚያ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ በጽሑፍ የማይገኝ ብዙ ጥበብ በእጅ ተለመደ። ሦስቱን ልንገራችሁ፤ ዛሬም ይሠራሉ።

አንደኛ፣ የድምፅ መቀየሪያው ትእዛዝ ከኖታው እኩል መቀመጥ የለበትም። ኪቦርዱ አዲሱን ድምፅ እስኪያዘጋጅ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል፤ ትእዛዙ ቀደም ካላለ የመጀመሪያዋ ኖታ በአሮጌው ድምፅ ትወጣለች። ሁለተኛ፣ የቁጥር ሰልፉ ሲበዛ ገመዱ ይጨናነቃል። ሦስት ሰው ባንዴ ማዞሪያ ያዞረ ያህል ዳታ ካለ ከበሮው መዘግየት ይጀምራል፤ ስለዚህ ከሰልፉ መሀል ጆሮ የማይለየውን እያወጡ ማሳሳት ነው። ሦስተኛው የሚገርመኝ ነው። ዘፈኑን ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመሀል ብታስጀምሩትስ? ድምፅ ቀይር የሚለው ትእዛዝ ያለው ወደኋላ ነው፤ ማሽኑ አልሰማውም። አርፍዶ ክፍል የገባ ተማሪ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለን እንደማያውቀው ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ ሲኩዌንሰር ከመጀመሩ በፊት ወደኋላ ሄዶ የመጨረሻዎቹን ትእዛዞች ይፈልግና ይልካል፤ ቮልዩሙ ስንት ነበር፣ ድምፁ የትኛው ነበር፣ ፔዳሉ ተረግጦ ነበር ወይ ብሎ። አንድን ነገር ከመሀሉ ጀምሮ ለመረዳት ከፊቱ የሆነውን ማወቅ ግድ ነው። ይሄን እኔ በሰባት ክፍለ ጊዜ የማላስረዳውን ሶፍትዌሩ በአንድ ቅጽበት ያደርገዋል።

የቁጥሩን መደናገር ለመፍታት በ1991 ጄኔራል ሚዲ የተባለ ስምምነት መጣ። 128ቱ ቁጥሮች ቋሚ ስም ተሰጣቸው። 1 ቁጥር ፒያኖ፣ 41 ቫዮሊን፣ 74 ፍሉት፤ 10ኛው ቻናል ደግሞ የከበሮ። አሁን 74 የትም ቦታ ፍሉት ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ዝርዝሩን ከ105 እስከ 112 አንብቡት። ሲታር፣ ባንጆ፣ ሻሚሰን፣ ኮቶ፣ ካሊምባ፣ ባግፓይፕ፣ ፊድል፣ ሻናይ። ክራር የለም። ማሲንቆ የለም። ዋሽንትም የለም። ዓለም በጋራ በተስማማበት የስም መጥሪያ ላይ የእኛ መሣሪያዎች ቁጥር አልተሰጣቸውም።

ስለዚህ ማሲንቆ የሚመስል ነገር የሚፈልግ ሰው ያለው መንገድ ከቁጥሩ ይልቅ እንቅስቃሴው ነው። የማሲንቆ ጠባዩ ጣት ገመዱ ላይ ስትንሸራተት ነው፤ ያንን ደግሞ ፒች ቤንድ ይዞ ይመዘግበዋል። እዚህም ወጥመድ አለ። በጄኔራል ሚዲ የቤንዱ ስፋት ካልተቀየረ በቀር ወደ ላይም ወደ ታችም ሁለት ግማሽ ድምፅ ነው። የእናንተ ኪቦርድ ላይ ስፋቱን ወደ 12 ቀይራችሁ ከሆነና ይሄ ፋይሉ ውስጥ ካልተጻፈ፣ ሌላ ቦታ ሲጫወት መንሸራተቱ ይጠባል። ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀርና ሌላ ነገር ይሆናል።

ጉዳዩ ከእኛ ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት አንድ ታሪክ ላንሳ። ኃይሉ መርጊያን ታውቁታላችሁ፤ የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ። በ1985 ሸሞንሟናዬ በሚል የወጣውን ካሴት ብቻውን ሠራ፤ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ እና ያ ዲኤክስ 7 አሉበት። ተጫዋቹ አንድ፣ መሣሪያው ብዙ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው፣ አዛውንቱም ወደ መድረክ ተመለሱ። ይህ ሊሆን የቻለው የቀረው ነገር ድምፁ ራሱ ስለሆነ ነው። ያ ሁሉ ሥራ በትእዛዝ ብቻ በአንድ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ ዲስኩ ቢገኝ እንኳ የዚያን ቀን ድምፆች የያዙት ማሽኖች እነዚያው፣ ቅንብራቸውም እንደዚያው ሆኖ መገኘት ነበረበት።

«ዛሬ ይሄ ተፈቷል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። ስታይንበርግ በ1999 ሲንተሳይዘሩን ራሱን ሶፍትዌር አድርጎ ኩቤዝ ውስጥ የሚያስገባበትን መንገድ ከፈተ። አሁን ፕሮጀክቱን ስታስቀምጡ የድምፁ ቅንብር በሙሉ አብሮ ይቀመጣል። የማዞሪያው ጉዞ ኦቶሜሽን በሚባል መስመር ከሥሩ ተስሎ ይታያል፤ በማውስ ታስተካክሉታላችሁ። በ2020 የጸደቀው ሚዲ 2.0 ደግሞ 128ቱን ደረጃ ከአራት ቢሊዮን በላይ አድርሶታል። መንቋቋት ቀረ።

መጥፋት ግን አልቀረም፤ መልኩን ነው የቀየረው። አፕል በ2019 ባወጣው ካታሊና የ32 ቢት ፕሮግራሞችን መደገፍ ሲያቆም፣ ያልታደሱ የሶፍትዌር ሲንተሳይዘሮች በአንድ ዝማኔ ዝም አሉ። ፕሮጀክቱ ይከፈታል፣ ኖታው ይታያል፣ የኦቶሜሽኑ መስመር ይወጣል ይወርዳል፤ የሚሰማው ትእዛዝ ተቀባይ ግን የለም። የሚኒሙጉ ሰውዬ በእርሳስ የጻፈው ወረቀት ዛሬም ይነበባል፤ የዚያ ፕሮጀክት ግን አይነበብም።

እንግዲህ ለምታቀናብሩ ልጆች የታሪክ አስተማሪ ምክር ይቺ ናት። የእያንዳንዱ ትራክ መጀመሪያ ላይ የድምፁን ቁጥር፣ ቮልዩሙንና የቤንዱን ስፋት አስመዝግቡ፤ ኪቦርዱ ያስታውሳል ብላችሁ አትተዉት። ራሳችሁ የሠራችሁት ድምፅ ከሆነ ቅንብሩን በሙሉ ልካችሁ ከዘፈኑ ፊት አስቀምጡት። ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻ ወደ ድምፅ ለውጣችሁ ያዙ። አሠራሩንም ወጡንም ማለቴ ነው፤ አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም። ከዚያ ቀለል ያለ ማስታወሻ ጻፉ፤ የትኛው ኪቦርድ፣ የትኛው ሶፍትዌር፣ የትኛው ድምፅ።

ሌላም ሰው ይህን እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ። የትልልቅ ባንዶች ዘመን ከቀዘቀዘ በኋላ ብዙ የእኛ ሙዚቃ የተሠራው በኪቦርድና በሪትም ማሽን ነው። የሠርጉ፣ የሆቴሉ፣ የካሴቱ። ያኔ የተቀናበረው ነገር በፍሎፒ ዲስክና በአሮጌ ኪቦርድ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ በየመሳቢያው አለ። ካሴቱ ላይ የምንሰማው የመጨረሻውን ድብልቅ ብቻ ነው፤ አቀናባሪው ቤዙን እንዴት እንዳነሳው፣ ድምፁን የት ላይ እንደቀየረ፣ ቤንዱን እንዴት እንደመለሰ ለይቶ የሚያሳየን ያ ዲስክ ነው። ፍሎፒ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው፤ ማንበቢያውም አሁን እንደልብ አይገኝም።

አባታችሁ፣ አጎታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ኪቦርድ ተጫዋች ከነበሩ በዚህ ሳምንት ጠይቋቸው። ዲስኩ ካለ አትጣሉት፤ ኪቦርዱ ከነዲስኩ ካለ ደግሞ እሰየው። አብርታችሁ አጫውቱትና ባላችሁት ስልክም ቢሆን ቅዱት፤ እሳቸውንም አጠገቡ አስቀምጣችሁ «እዚህ ጋ ድምፁን ለምን ቀየሩት?» በሏቸው። መልሱን ጻፉት። ማሽኑ የያዘው መቼ እንደተቀየረ ብቻ ነው፤ ለምን እንደተቀየረ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።